የቀዳም ስዑር ቀማሽ

«ሰባት ሞላት እኮ ነው የምልሽ፣ በለጡ! ሰባት ዓመት የሞላት ልጅ በሁዳዴ ወተት ስትጠጣ ዝም ብዬ ልይ?»

«አልሞላትም፣ እትዬ። ሰኔ ላይ ነው የሚሞላት።»

«ሰኔ! እትብቷን የቆረጥኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? በአስተርእዮ ማርያም ማግስት፣ በዚያ ውርጭ። ሰኔን ከየት አመጣሽው?»

«እሺ ይሁን፣ ሞላት። አንድ ዓመት ብትቆይስ ምን አለበት? ከሲታ ናት፣ አትችልም።»

«ይቺ ናት ከሲታ?» እትዬ ዘነበች ጉንጬን በሁለት ጣታቸው ቆንጠጥ አድርገው ወደ እናቴ አዞሩት። ጉንጬ ውስጥ ገና ያላኘኩት የበግ ሥጋ ነበረ።

የቅበላ እሑድ ነው። በማግስቱ ሁዳዴ ይገባል። ቤት ውስጥ የተረፈ ሥጋ፣ የተረፈ እርጎ፣ የተረፈ ቅቤ ሁሉ በዚያች ቀን ማለቅ ስላለበት ሰው የሚጨቃጨቀው እየበላ ነው። እትዬ ዘነበች የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ከእኛው ጋር በአንድ የድንጋይ አጥር ውስጥ፣ በራሳቸው ትንሽ ቤት ይኖራሉ። በጾም ነገር ቀልድ አያውቁም። እናቴ ደግሞ በሌላው ነገር ሁሉ «እርስዎ እንዳሉ» ብላ የምታልፋቸው ሴት ናት። የዚያን ቀን ግን አልለቀቀችም።

«ለፋሲካስ ማን ይቀምስልኛል?» አለች በመጨረሻ።

እትዬ ሳቁ። «ለዚህ ኖሯል! እንደ ሰው በአፍንጫሽ አትሠሪም? እኔ ይኸው አርባ ዓመት ሙሉ የፋሲካ ወጥ ስሠራ አንድ ቀን ቀምሼ አላውቅም። ክዳኑን ከፈት አድርጌ ጠጋ ስል ጨውም ቢሆን ቅመምም ቢሆን ራሱ ይነግረኛል።»

እናቴ ድስቱን አነሳችና ወጥ እያለበት ልታጥበው ወጣች።

የፈረደው አባቴ ነው። አባቴ ደምሴ ብዙ አይናገርም። የያዘውን አጥንት ግጦ እስኪጨርስ ጠበቀና «ትጹም። የእሷን ወተት ጥጃው ይጠጣው» አለ።

እኔን የጠየቀኝ የለም። ብጠየቅ ሁለቱንም ነበር የምመርጠው፤ መጾሙንም፣ መቅመሱንም። ለጊዜው ግን በጥጃው ቀናሁ።

*

ይህን መጻፍ የጀመርኩት ባለፈው ዓመት፣ በቀዳም ስዑር ዕለት ነው። ደብረ ብርሃን በተከራየሁት ክፍል ተቀምጬ ከአንድ ስንኝ ጋር እታገላለሁ። ከግድግዳው ማዶ አከራዬ የፋሲካውን ወጥ ይሠራሉ። ሽታው በመስኮት ገባ። ሳላስበው «ጨው ይጨምሩበት!» ብዬ ጮህኩ።

ማማሰያው ቆመ። ጥቂት ቆይቶ በግድግዳው በኩል «በምን አወቅሽ?» የሚል ድምፅ መጣ።

ግጥም ሳነብ የሰሙኝ ሰዎችም እንደዚሁ ይጠይቁኛል። የት ተማርሽው ይሉኛል። የትም አልተማርኩትም። ከእናቴ ድስት ሥር ነው ብላቸው የምቀልድባቸው ይመስላቸዋል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልገላገል።

ቤታችን መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ በእግር የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ የሚያስኬድ ደጋ ላይ ነው። አገሩ ገብስ፣ በግና ነፋስ ነው። እኛ ዘንድ፣ ክርስቲያን ባለበት በየትም እንደሚሆነው ሁሉ፣ ትልልቁ ወጥ የሚሠራው በጾም ቀን ነው። የገና ዋዜማ ጾም ነው፣ የፋሲካ ዋዜማ ጾም ነው። ሴቶቹ ሁለት ወር ሙሉ ያልቀመሱትን ቅቤና ሥጋ ከጠዋት እስከ ማታ ያማስላሉ፤ ጣታቸውን ግን አይልሱም። እትዬ እንዳሉት በአፍንጫ ነው የሚሠሩት።

እናቴ ግን በእኔ ነው የምትሠራው። ከአራት ዓመቴ ጀምሮ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጭልፋውን ታነሳና አንድ ጠብታ በግራ እጄ ጀርባ ላይ ታኖራለች። እንዲበርድ እፍ እላለሁ። ከዚያ እልሳለሁ። እናቴ ዓይኗን ከአፌ ላይ ሳትነቅል «ምን አለሽ?» ትላለች። «ይጣፍጣል» ማለት ክልክል ነው። አንድ ቀን «ይጣፍጣል» ብዬ በጭልፋው እጀታ ጭንቅላቴን ኮርኩማኛለች። «ይጣፍጣል ያለ ሁሉ ቀማሽ ነው? ውሻም ይጣፍጠዋል። ምን አለሽ ነው የምልሽ!»

ቃል መፈለግ ነበረብኝ። የአራት ዓመት ልጅ ብዙ ቃል የላትም፤ ስለዚህ ካለኝ ላይ አወጣለሁ። ሽንኩርቱ ገና ካልበሰለ «እያለቀሰ ነው» እላለሁ። በርበሬው ካልበሰለ «ይቧጭራል» እላለሁ። ጨው ከጎደለው «ወጡ ተኝቷል» እላታለሁ፤ አንድ ቆንጠር ጨምራ እንደገና ታቀምሰኛለች። «አሁንስ?» «ዓይኑን ገለጠ፣ ግን አልተነሳም።» ሌላ ቆንጠር። «አሁንስ?» «ተነሳ!» እናቴ አንድም ቀን አልሳቀችብኝም። የመድኃኒት አወሳሰድ እንደሚነገረው ሰው አንገቷን እየነቀነቀች ትሰማኝና ያልኳትን ታደርጋለች። ትልቅ ሰው በቃሌ ሲንቀሳቀስ ያየሁት ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሥራ አላማረኝም።

ዝናዬም በሰፈሩ ወጣ። በበዓል ዋዜማ ጎረቤታችን ማሚቴ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «እቴ በለጡ፣ ትርንጎን ለአንድ አፍታ አውሺኝ!» ትላለች፣ ወንፊት እንደምትዋስ። እሄዳለሁ። እጄን እዘረጋለሁ። «ምን አለሽ?» «የቸኮለ ሰው የሠራው ይመስላል።» ማሚቴ በሳቅ ትሞታለች። «ታዲያ አልቸኮልኩም? ሰባት ነፍስ ነው የሚጠብቀኝ!» የእኔ ድስት ግን የእናቴ ድስት ነበር። ሌላው ቤት በአንድ ጠብታ ይበቃኛል፤ እናቴ ጋ ከሽንኩርቱ እስከ መከለሻው ድረስ ከጉልበቷ ሥር አልነሳም።

ለምን እንደዚያ እንደምትፈልገኝ ጠይቄ አላውቅም። ምላሴ ከሰው ሁሉ ምላስ ስለሚበልጥ ነው ብዬ አምኜ ነበር። ክርስትና ስነሳ ቅብዓ ሜሮኑ ሳይታወቅ ምላሴ ላይ ጠብ ብሎ ይሆናል ብዬም አስብ ነበር። ይህንን ለማንም አልነገርኩም፤ ቢታወቅ የምወሰድ መሰለኝ።

ያየሁትን ሁሉ ወደዚያው ነበር የምተረጉመው። ለመስቀል ማሚቴ ቤት ሴቶቹ ተሰብስበው ድፎ ዳቦ ሲጋገር ከደጅ የመጣችው ሁሉ «ኧረ አረረ!» እያለች ስትሮጥ፣ እናቴ ከምድጃው አጠገብ ጌሾ እየለቀመች ቀና እንኳ ሳትል ቀረች። ሐሳብ ይዟት ነው አልኩ። የበግ ቆዳ በሚለፋበት ቀን ሴቶቹ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ሲጠመጥሙ እሷ እንዲሁ ቁጭ ትላለች። ጀግና ስለሆነች ነው አልኩ።

*

ዓመቱ አዲሱ ሚሊኒየም የገባበት ነበር። አባቴ ከመሐል ሜዳ ያመጣው ትልቅ ካላንደር ከምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። እትዬ ዘነበች ማንበብ አይችሉም፤ እኔም ያኔ አልችልም፤ ግን በጾምኩት ቀን ሁሉ ከሰል ይሰጡኝና አንዷን ሳጥን አጠቁራለሁ። ሃምሳ አምስት ሳጥን። እስከ እኩለ ቀን ምንም አልቀምስም፤ ከዚያ በእሳቸው ቤት የገብስ ቂጣ በተልባ ይሰጡኛል። ለሚመጣው ለሚሄደው «ጾመኛዬን አያችኋት?» ይላሉ። ሰው ሁሉ «አድጋለች!» ይላል። በወተት ቀንቼ የነበርኩት ልጅ በሁለተኛው ሳምንት ጥጃውን በንቀት ማየት ጀመርኩ።

ታላቅ እህቴ የሺ የተዳረችው በዚያው ዓመት፣ ጥር ላይ ነው። ከገደሉ ማዶ ላለ ቤት። ስትሄድ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ባሏን ወዳ ነው ያገባችው። አማቷን ግን ሁላችንም እንፈራቸው ነበር። ወይዘሮ አስካለ ይባላሉ። ለሠርግ ወጥ ድስት የሚያስረክቧቸው፣ እጃቸው በአገሩ የተመሰከረለት ሴት ናቸው።

ሁዳዴው ሊያበቃ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እናቴ ለፋሲካ ቅቤ ልትገዛ መሐል ሜዳ ገበያ ይዛኝ ወረደች። ቅቤ የሚገዛ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ያሸታል። ማሽተት ጾም አያስፈታም። እናቴ ግን ጎንበስ አላለችም። ትከሻዬን ይዛ ወደ ቅሉ አቀረበችኝ።

ባለ ቅቤዋ ደነገጠች። «እንዴ! እኔን አላመንሽም ወይስ አፍንጫሽን? ልጅ ታስሸትቺብኛለሽ?»

«የእሷ ይበልጣል» አለች እናቴ።

ከኩራቴ የተነሳ ረዘምኩ። የመጀመሪያውን አሸተትኩ። «ይሄ ተኮሳትሯል» አልኩ። ሁለተኛዋ ሴት ቅቤዋን በቅጠል ልትሸፍን ሞከረች። ሦስተኛው ላይ ደረስኩ። «ይሄ ገና ከእንቅልፉ መነሳቱ ነው።» እሱን ገዛን።

ከዚያው ከቅቤ ተራ ሳንወጣ የሺ ከኋላ መጥታ እናቴን አቀፈቻት። ከስታለች። አማቷ ወዲያ ማዶ እህል ተራ ነበሩ፤ ፈጥና ፈጥና ነው ያወራችው።

«እማዬ፣ ለአስተርእዮ በሠራሁት ወጥ ጨው አበዛሽ አሉኝ። ከዚያ ለመድኃኔ ዓለም ደግሞ ፈርቼ ቀነስኩና አልጫ ሆነ አሉኝ። ይሄ ሁሉ ምንም አይደለም። ‹እናትሽ ቤት ወጥ የሚሠራው ማን ነው?› ብለው ጠየቁኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«እማዬ ናት አልኩ። ሳቁ። ጎረቤት ባለበት።»

እናቴ የየሺን እንባ በነጠላዋ ጠረገችላት። ወዲያው ወይዘሮ አስካለ መጡ፣ ረዥም፣ ቀጥ ያሉ፣ ሻሻቸው ላይ አንድ ሽብሽብ የሌለበት። ተሳሳሙ። ስለ ዝናቡ መጥፋት አወሩ። ሊሄዱ ሲሉ ፈገግ አሉና «ለፋሲካ እንመጣለን፣ ወይዘሮ በለጡ። የልጅዎን ሙያ አየነው፤ የእርስዎን ደግሞ እናያለን» አሉ።

«በደስታ» አለች እናቴ።

ዳገቱን ወጥተን ከአፋፉ ላይ አረፍ አልን። ድንጋዩ መሐል ጦስኝ በቅሏል። እናቴ በእፍኟ ነቅላ በሁለት መዳፏ መካከል ፈተገችውና አፍንጫዋ ውስጥ እስኪገባ ድረስ አስጠግታ ዓይኗን ጨፈነች። ረዥም ጊዜ። እኔ እዚያው ከአጠገቧ ሆኜ የጦስኙ ሽታ ራሴን እስኪያዞረኝ ድረስ ይመጣብኛል። ትንፋሽ ስባ፣ ስባ፣ መዳፏን ገለጠችና ቅጠሉን ለነፋስ ሰጠችው።

እየጸለየች መስሎኝ ነበር።

*

የፋሲካን ቀን አስቀድሜ ልጨርሰው፣ ምክንያቱም ደስ የሚለኝ እሱ ነው። ሌሊቱን አላውቀውም፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በእትዬ ዘነበች ጋቢ ተጠቅልዬ ተኝቼ ነበር። እሑድ ከእኩለ ቀን በኋላ እንግዶቹ መጡ። የሺ፣ ባሏ፣ ወይዘሮ አስካለና ባላቸው፣ ከፊታቸው ደግሞ ጥቁር ሙክት። አባቴ ከበግ ጠጉር የተሠራውን ባና መደብ ላይ ዘርግቶ አስቀመጣቸው። ጠላው ተቀዳ።

እናቴ ድስቱን አቀረበችና ራሷ አወጣች። ለወይዘሮ አስካለ የዶሮውን ፈረሰኛ። ከዚያ ወደ ጓዳው ደፍ ሄዳ ቆመች። እትዬ ዘነበች ከጥግ ሆነው ጣታቸውን በጣታቸው ቆልፈዋል። ወይዘሮ አስካለ አንድ ጊዜ ጎረሱ። አላመጡ። ሁለተኛ ጎረሱ። ሦስተኛውን ከጎረሱ በኋላ መረቁን ብቻ በትንሽ እንጀራ ጠቅሰው ለብቻው ቀመሱት፣ እኔ በምቀምስበት አቀማመስ፣ ምላሳቸውን ከላንቃቸው ጋር እያጋጩ። ያኔ ሙያችን አንድ መሆኑን አወቅሁ።

ወደ ደፉ ዞሩ። «ወይዘሮ በለጡ፣ ይቺን የመሰለች እጅ ደብቀው ነው እንዴ ልጅ የዳሩልን?»

ቤቱ ሳቀ። አባቴ ሳቀ፤ አባቴ! ወይዘሮ አስካለ ቀጥለው «የሺ፣ የዳግማ ትንሣኤ ሳምንት እናትሽ ጋ ትቆያለሽ። ይህንን ሳትይዢ እንዳትመጪብኝ» አሉ። የሺ ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ ግን ሌላ ዓይነት ለቅሶ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ስለ እህቴ እናት የጠየቀ ሰው የለም።

እናቴ አንገቷን ደፍታ ጠላ ስትቀዳ አየኋት። በአጠገቤ ስታልፍ የግራ እጄን ጀርባ በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ አለፈች። ማንም አላየም። ለእኔ ግን ያቺ ንክኪ እስከ ዛሬ አለችኝ።

ያ ወጥ ግን ቅዳሜ ዕለት ሊበላሽ አንድ ጠብታ ቀርቶት ነበር።

*

ዓርብ በስግደቱ ላይ እትዬ ዘነበች ከጎኔ ነበሩ። ልጆቹ ማን ያከፍላል፣ ማን አያከፍልም ይባባላሉ፤ እስከ ፋሲካ ሌሊት እህል ውሃ ሳይቀምሱ መቆየት ማለት ነው። እኔም «አከፍላለሁ!» አልኩ። ትልቅ አፍ ነበረኝ። እትዬ ሰሙኝ። እዚያው በግንባራቸው አፈር እንደያዙ እቅፍ አድርገውኝ አለቀሱ። ልጅ አልወለዱም እሳቸው። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ ማለት ሞት ነው። እውነቱን ለመናገር ቅዳሜ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ሁለት ጉንጭ ውሃ ሰርቄያለሁ። ከዚያ በቀር ንጹሕ ነበርኩ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ካህናቱ ቃጭል እያሰሙ፣ እየዘመሩ መጡ። በዚያች ቀን የማንም በር አይዘጋም፤ እኛ አገር በቀን የተዘጋ በር ካየህ ወይ ታሟል ወይ ሞቷል ትላለህ። የእኛማ በር የጥድ ሳንቃ ሆኖ ከማጠፊያው ስለወረደ በሁለት እጅ ካልተነሳ አይንቀሳቀስም፤ ለመኝታ ካልሆነ የሚነካው የለም። ካህናቱ ገቡ፣ ቄጤማ ሰጡን። እትዬ ዘነበች የእኔን በግንባሬ ዙሪያ ራሳቸው አሰሩልኝ። «አክፋይዋ!» አሉኝና ካህናቱን ተከትለው ወጡ።

እናቴ ካህናቱን ልትቀበል ከድስቱ ተነስታ ነበር። ተመልሳ ቁጭ አለች። ማማሰያውን ያዘች። ከዚያ እጇ ቆመ። የጨውን ቅል አየች። ድስቱን አየች። እንደገና ቅሉን አየች።

«ትርንጎ፣ ነይ።»

ሄድኩ። ጭልፋውን አነሳች።

«አክፍያለሁ፣ እማዬ።»

«አውቃለሁ።» ጭልፋውን መለሰች። «እንግዲያው አሽትቺልኝ። እንደ ቅቤው። ጨው አለው?»

ጎንበስ አልኩ። ከዓርብ ጀምሮ ባዶ የሆነ ሆድ እንዴት እንደሚያሸት ታውቃላችሁ? ሽንኩርቱ፣ ቅቤው፣ ኮረሪማው፣ ዶሮው ሁሉ አንድ ላይ ሆኖ ገነት ነው።

«ሁሉም ደስ ይላል» አልኩ።

«ጨውስ?»

«አላውቅም። አንቺ አሽትቺው።»

እናቴ አመድ ላይ የወደቀ ግማሽ ሽንኩርት አነሳችና አፍንጫዋ ላይ አስጠጋች። «ይኸው። ለእኔ ድንጋይ ነው» አለች። «ጦስኙም ድንጋይ ነው። ቅቤውም። አንቺ ሦስት ዓመትሽ እያለ ተስቦ ያዘኝ፤ እኔን ተወኝ፣ አፍንጫዬን ይዞ ሄደ። ምንም አይሸተኝም፣ ልጄ። ምንም።»

የመስቀሉ ዳቦ፣ የበጉ ቆዳ፣ ባለ ቅቤዋ፣ በአፋፉ ላይ የተፈተገው ጦስኝ፣ ሁሉም ተራ በተራ መጣብኝ። ቅብዓ ሜሮን የነካው ምላስ አልነበረኝም። ተራ ምላስ ነበረኝ፤ እናቴ ናት የሚያስፈልጋትን ያህል ያሠለጠነችው። ማዘን ነበረብኝ። አላዘንኩም። እንዲያውም እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም። ቤቱን ሁሉ በእኔ ትከሻ አስደግፋ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልተንገዳገደችም!

«ጨው ልጨምር ስል ነው ካህናቱ የገቡት» አለች። «ጨምሬ ይሁን፣ ሳልጨምር ይሁን፣ ጠፋኝ። ነገ ሴትየዋ…» አልጨረሰችውም።

የግራ እጄን ዘረጋሁ።

ጠብታው እጄ ላይ አርፎ እፍ እያልኩ ሳለ ጥላ ወደቀብን። እትዬ ዘነበች በሩ ላይ ቆመዋል።

«ምንድን ነው የማየው?» ድምፃቸው ቀጭን ሆነ። «በለጡ! በዚህች ቀን? ቄጤማ በራሷ ላይ ታስሮ?»

«እኔ ነኝ ያልኳት፣ እትዬ። እሷ እምቢ ብላ ነበር።»

«አንቺማ ትይያለሽ! ከቅበላ ጀምሮ ይቺን ቀን ስትጠብቂ ነው! የማሚቴ ሕፃን የለም? እሱ ጾም የለበት!»

«የሁለት ዓመት ልጅ ምን ብሎ ይነግረኛል?»

«አፍንጫሽስ? አፍንጫሽን ምን በላው?»

«ተስቦ» አለች እናቴ።

እናቴ ግማሹን ሽንኩርት በእጇ እንደያዘች፣ ቀና ብላ ሁሉንም ነገረቻቸው። አጭር ነበር።

«ያስታመምኩሽ እኔ» አሉ እትዬ በዝግታ። «ዐሥራ ሰባት ቀን ከራስጌሽ አልተነሳሁም። ለእኔ ትደብቂያለሽ?»

«ምን ብዬ ልንገርዎት? በየበዓሉ ‹በአፍንጫሽ ሥሪ› ይሉኛል። ‹ወንድሜ ሙያ የሌላት አገባ› ይሉ ይሆናል ብዬ ፈራሁ።»

እትዬ ዘነበች ወደ ድስቱ መጡ። ክዳኑን አንስተው ሊያሸቱ ጎንበስ አሉ። ቀና አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከዓርብ ጀምሮ አልበላሁም። እኔንም ሁሉም ደስ ይለኛል» አሉ። «አርባ ዓመት የጎረርኩት በውሸት ነው፣ በለጡ። ዝም ብዬ እጄ የለመደውን ነው የምጨምረው።»

እናቴ ሳቀች። ሳቋን በእጇ አፈነችው።

እትዬ ፊቴ ተንበረከኩ። ጠብታው በእጄ ጀርባ ላይ እየደረቀ ነው። ቄጤማውን ከግንባሬ ቀስ ብለው ፈቱትና ከራሳቸው ቄጤማ ላይ ደርበው አሰሩት።

«ያንቺን እኔ ይዤልሻለሁ» አሉኝ። «ሃምሳው ቀን ይለፍና አንዱን ቀን እኔ እጾምልሻለሁ። አሁን ሥራሽን ሥሪ። አደራ፣ ይጣፍጣል እንዳትያት።»

«ለደምሴ ይነግሩታል?» አለች እናቴ።

«ምኑን?» አሉ እትዬ።

ከደጅ ማሚቴ «ትርንጎ! ትርንጎን አውሱኝ!» እያለች ወደ አጥሩ ስትመጣ ይሰማል። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አመቻቹ፣ ደፉን ተሻገሩና ወደ እኛ ሳይዞሩ ሳንቃውን በሁለት እጃቸው ከመሬት አነሱት። በጠራራ ፀሐይ፣ በቀዳም ስዑር፣ የቤታችን በር ተዘጋ።